ሁለቱን እባቦቼን ለምን ለየኋቸው

እዚህ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የማሳድጋቸውን ሁለት ሴት ኮርን ስኔኮች (መርዝ የሌላቸው የአሜሪካ እባቦች) የተረከብኩት ወደ ሌላ ግዛት ከሚዛወር ጎረቤቴ ሲሆን፣ ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ነበር። ጎረቤቴ ተቃቅፈው ስለሚተኙ እንዳልለያያቸው አደራ ብሎኝ ነበር።

እውነትም ቀይዋ በግራጫዋ ላይ ተጠምጥማ ትውላለች። ሆኖም እባብ ሙቀት የሚያገኘው ከአካባቢው ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ አንድ ሞቃት ጥግና አንድ መደበቂያ ብቻ ስለነበረው፣ አብሮ መተኛታቸው መዋደዳቸውን አያስረዳም ብዬ በሌላው ጫፍ ሁለተኛ ማሞቂያና ሁለተኛ መደበቂያ ጨመርኩ። ግራጫዋ ወደ አዲሱ ተዛወረች፤ ከዚያ ወዲህ ተደራርበው ያየኋቸው ከስንት አንዴ ነው። «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚባለው ለሰው ቢሆንም ለእነዚህም አላነሰባቸውም።

ጨርሶ እንድለያቸው ያደረገኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አንድ ጠዋት ፀጉሩ የረጠበ፣ ጭንቅላቱ የሟሟ አይጥ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘሁ። ከሁለቱ አንዷ የዋጠችውን መልሳዋለች፤ የትኛዋ እንደሆነች ግን የሚጠቁም ምልክት አልነበረም። እባብ ምግብ የሚመልሰው ከሙቀት ማነስ አንሥቶ እስከ ከባድ የአንጀት ሕመም ድረስ በብዙ ምክንያት ስለሆነ፣ ታማሚዋ ሳትታወቅ ሕክምና መጀመር አይቻልም። ስለዚህ ለየብቻ ሣጥን ሰጠኋቸው፤ በየሣጥኑ በቴርሞስታት (በሙቀት መቆጣጠሪያ) ሞቃቱን ጎን ወደ 30፣ ቀዝቃዛውን ወደ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ አደረግሁ፤ በየጊዜውም እመዝናቸው ጀመር። ክብደቷ የቀነሰው ግራጫዋ ሆና ተገኘች። ሆዷ እስኪያርፍ ምግብ ከለከልኳት፤ ከዚያም በትንንሽ አይጥ ጀመርኩላት፤ አሁን አትመልስም።

ይህን ስል እባብ ሁሉ ብቸኛ ነው ማለቴ አይደለም። በካናዳ ማኒቶባ፣ ናርሲስ በተባለ ሥፍራ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጋርተር እባቦች ክረምቱን በኖራ ድንጋይ ስንጥቆች ውስጥ በአንድነት ያሳልፋሉ። በ2020 የወጣ የካናዳ ጥናትም 40 ወጣት ጋርተሮችን ተከታትሎ፣ ተመራማሪዎቹ ቦታቸውን ቢያቀያይሩባቸውም ወደ ቀድሞ ጓደኞቻቸው እንደሚመለሱ አሳይቷል። በመሆኑም ጋርተር የሚያሳድግ ሰው ሰፊ ቦታና በርካታ መደበቂያ ካዘጋጀ፣ አብሮ ማኖሩን አልቃወምም። የጋርተርን ጠባይ ለኮርን ስኔክ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን አይገባኝም፤ ኪንግ ስኔክንማ ሌሎች እባቦችን የሚበላ ስለሆነ ከማንም ጋር አላስቀምጠውም።