ቃ ያለው ፍልጥ
ዛሬ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሣሩ በውርጭ ነጥቷል። ከ2,800 ሜትር በላይ መኖር ቀልድ አይደለም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው የወሩን ካርድ በሳምንት ስለጨረሰብኝ እንጨት ልገዛ ወጣሁ። አንድ የአህያ ጭነት ባሕር ዛፍ ተስማምቼ ልከፍል ስል ሻጯ እናት "ቆይ ልጄ" አሉኝ። ሁለት ፍልጥ አንስተው አጋጩ፤ ድም አለ። ከሌላው ክምር አንስተው ደገሙት፤ ቃ!

"ደረቅ ማለት ይሄ ነው። ያኛው በጭስ ያስለቅስሃል እንጂ አያሞቅህም።"

የገዛ ዕቃቸውን ሲያጣጥሉ! እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃውን በማትነን እንደሚጨርስ እኔ ከደብተር ተምሬአለሁ፤ እሳቸው በጆሯቸው ያውቁታል።

ማታ መስኮቱን ከፈት አድርጌ (ፍም ባለበት ቤት ተዘግቶ አይተኛም) ሁለት ፍልጥ ሳጋጭ ባለቤቴ "ደግሞ ምን ሆንክ?" አለችኝ።