ታምቡሩ ደህና ነው፣ ልጅቷ ግን አትሰማም

ልጄ ስታወራ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ዘመድ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ይለኛል። አስተማሪዋ ደግሞ «ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለች» ብላ ትከሳት ነበር። ሁለቱም የአንድ ችግር ምልክት ነበሩ።

መጀመሪያ የወሰድናት ክሊኒክ ጆሮዋን በመብራት አዩና «ንጹህ ነው፣ ኩክ እንኳ የለውም» ብለው መለሱን። እውነታቸውን ነው። ታምቡሯ ደህና ነው፤ ችግሩ ያለው ከታምቡሩ ጀርባ ነው። እዚያ ድምፅ የሚቀባበሉ ሦስት ጥቃቅን አጥንቶች አሉ፦ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ። እርካቧ 3 ሚሊሜትር ገደማ ብትሆን ነው፣ ከሰውነታችን አጥንት ሁሉ ትንሿ። የልጄ እርካቦች በሁለቱም ጆሮ ገና ከማህፀን ጀምሮ ከውስጠኛው ጆሮ ግድግዳ ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል። ታምቡሩ ይርገበገባል፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አይሉም። («እርጉዝ ሳለሽ ምን በልተሽ ነው?» የምትሉኝ፣ ኧረ ተዉኝ! አንዳንዱ በዘር ይመጣል፣ አንዳንዱ እንዲሁ ይፈጠራል።) ስለዚህ ልጃችሁ አልሰማ እያለ «ጆሮው ንጹህ ነው» ከተባላችሁ በዚያ አትመለሱ፤ የመስማት ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ።

የጆሮ ሐኪሙ ሹካ የሚመስል ብረት መታ አደረገና ጆሮዋ አጠገብ ያዘላት። ምንም። የብረቱን እግር ከጆሮዋ ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ሲያስደግፈው ግን ዓይኗ ፈጠጠ። ድምፁ በራስ ቅሏ በኩል ገባላት፤ የውስጠኛው ጆሮና ነርቩ ደህና ናቸው ማለት ነው። ቀስ ብላ የምታወራውም የራሷ ድምፅ በአጥንት በኩል ጎልቶ ስለሚሰማት ነው። ቆሎ እየቆረጠመች ከሆነማ ብትጠሯትም አትሰማም፣ የራሷ ጥርስ ይጮህባታል። ታክሲ ውስጥ ደግሞ ከቤት በተሻለ ትሰማለች፣ እዚያ ሰው ሁሉ እየጮኸ ነዋ የሚያወራው!

ቀዶ ጥገና አለ። የተጣበቀችውን እርካብ ፒስተን በሚባል ትንሽ ሰው ሠራሽ ዘንግ መተካት ነው። ግን ፊታችንን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ እዚያው አጠገብ ነው የሚያልፈው፣ እንዲህ ባለ ጆሮ ደግሞ መደበኛ መንገዱን ስቶ ሊገኝ ይችላል፤ ያለው መስማት እንኳ ሊጠፋ ይችላል። ሐኪሙ አልቸኮለም፣ እኛም አልቸኮልንም። የሷ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ እየባሰ የሚሄድ አይደለም። ለጊዜው ድምፁን በአጥንት በኩል የሚልክ መስሚያ በላስቲክ ጭንቅላቷ ላይ ታስራለች፤ የክፍሏን ትምህርት በደንብ እየተከታተለች ነው። የቀዶ ጥገናውን ነገር ከፍ ስትል እሷንም ጠይቀን እንወስናለን።