በአንድ «እሺ» የመጣ ቅጣት

የተማሪ ደንብ ልብስ እሰፋለሁ። በ2010 ዓ.ም. በሁለት ሲንጀር ጀመርኩ፤ በ2015 አሥራ አራት ሠራተኞች ነበሩኝ። ንግድ ፈቃድ ማውጣት፣ ቫት (ከደንበኛ ተቀብለን ለመንግሥት የምናስገባው የተጨማሪ እሴት ታክስ) መመዝገብ፣ ካሽ ሬጅስተር ማስገባት ሰልፍና ትዕግሥት ነው። ያልቃል። እኔን የጎዳኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው፤ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እላለሁ።

ሚያዝያ 2015 ላይ ሁለተኛ ሱቅ ልከፍት ተነሳሁ። የሴቶች ቡቲክ፣ ከስፌቱ ጋር የማይገናኝ። ሰው ሁሉ «ሥራሽ አድጓል፣ አስፊው እንጂ» ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሴራሚክ ሻጭና ከቀለም ቀቢ ጋር ስሟገት እውላለሁ። ሂሳቡን ለተመላላሽ ሂሳብ ሠራተኛዬ ጣልኩት። ታክስ የሚታወቅበት ሲስተም የይለፍ ቃል እሱ ጋ ነበር። የተመዘገበው ስልክም የሱ ነበር፤ ማስጠንቀቂያ ቢመጣ እኔ አላየውም።

ለኛ ትልቁ ገንዘብ የሚገባው ከግንቦት እስከ መስከረም ነው። ትምህርት ቤቶች ሲከፍሉ 15 በመቶው ቫት አብሮ ይገባል። ያ ብር የመንግሥት ነው። እኔ ግን ባንክ ደብተሬ ላይ ሳየው የራሴ መሰለኝ፤ ለቡቲኩ መደርደሪያና ለቅድሚያ ኪራይ ከፈልኩት።

ኅዳር 2016 ፈቃድ ለማሳደስ ክሊራንስ (የግብር ዕዳ የለባትም የሚል ወረቀት) ስጠይቅ «የአምስት ወር ቫት አላሳወቅሽም» ተባልኩ። እግሬ ተብረከረከ። ለማሳወቅ መዘግየት በየወሩ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ ይቀጣል። በዚያ ላይ የክፍያ መዘግየት ቅጣት አለ፣ ወለድም አለ። ከመርካቶ ያለ ደረሰኝ የገዛሁት ጨርቅ ደግሞ ከምከፍለው ቫት ላይ የሚቀነስልኝ ነገር አልነበረውም።

ለመክፈል ስሄድ ሦስት ቀን «ሲስተም የለም» ተብዬ ተመለስኩ። በአራተኛው ቀን ፋይሌ ከመስኮት መስኮት ሲዞር ዋለና ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባለ። እስካሁን ያናድደኛል። ሲስተም አልነበረም ብሎ ወረቀት የሚጽፍልኝ ሰው አልነበረም፤ የዘገየሁበት ግን በኔ ላይ ይቆጠራል። እንዲህ ከገጠማችሁ ቀኑንና ያነጋገራችሁትን ሰው ጻፉ፤ በደብዳቤ አመልክቱና ግልባጩን መዝገብ ቤት ማኅተም አስመቱበት። የቅጣት ይነሳልኝ ማመልከቻ ሳስገባ የረዳኝ ይኸው ነው። ከቅጣቱ የተወሰነው ተነሳልኝ።

ለወራት ለሰው ሁሉ «ሂሳብ ሠራተኛዬ ጉድ ሠራኝ» ስል ከረምኩ። እናቴም ረገመችው። አንድ ማታ የሱን ስህተት ለማስረጃ ላወጣ ቴሌግራሜን ከፈትኩ። ሰኔ ላይ «እህቴ፣ የግንቦት ቫት ብር አልገባልኝም፣ ይቆይ ወይ?» ብሎ ጽፏል። ከሥሩ «እሺ» የሚል የኔ መልስ አለ። ሐምሌም እንዲሁ። ነሐሴም። ምን እንደጠየቀኝ ሳላነብ ነበር የምመልሰው። ስልኩን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

በየሥልጠናው «እናንተ ሥራችሁ ላይ አተኩሩ፣ ሂሳቡን ለባለሙያ ስጡ» ይባላል። እኔ አልስማማም። ባለሙያ ይኑራችሁ፤ ግን ቢያንስ አንድ ዓመት በገዛ እጃችሁ አሳውቁ። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ እስክታውቁ። የተመዘገበው ስልክ የእናንተ ይሁን። ዛሬ ትምህርት ቤት ሲከፍለኝ፣ ከ115 ብር 15ቱን በዚያው ቀን ሌላ አካውንት ውስጥ አስገባለሁ፤ ለደመወዝ ቢያጥረኝ እንኳ አልነካውም። ከፋዮቹ ከሚከፍሉኝ ላይ ለግብር አስቀድመው የቀነሱትን የዊዝሆልዲንግ ደረሰኝም ራሴ እሰበስባለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ከግብሬ ላይ የሚቀነስልኝ ገንዘቤ ነው፣ ደረሰኙ ከጠፋ ግን ጠፋ።

ቡቲኩን በስምንተኛው ወር ዘጋሁት። ሴራሚኩ እዚያው ቀረ። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሌላ ነገር እንድጀምር የሚጠይቀኝን ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ ከጥቅምት በኋላ ና እለዋለሁ።

ለሂሳብ ሠራተኛው ይቅርታ ልጠይቀው ሁለት ጊዜ ደወልኩ። አላነሳም። ቴሌግራም ላይ ረጅም መልእክት ጻፍኩለት። አንብቦታል።