ሐረር ተቀምጬ የድሬን ማዞሪያ ስጠግን

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል የስልክ ማዞሪያ አለው። 8 የውጭ መስመር፣ 96 የውስጥ ስልክ። ትልቅ የሚባል አይደለም። እኔ የምኖረው ሐረር ነው፤ ማዞሪያው ሲቆም የሚደወለው ግን ለእኔ ነው። በሞባይል፣ መቼም።

ከሐረር ድሬ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። በአወዳይና በሐረማያ ታልፍና ደንገጎን ትወርዳለህ። አባዱላው እስኪሞላ የሚጠበቀው ሲጨመርበት ግማሽ ቀን ይበላል። ደርሼ የማደርገው ደግሞ ያው አንድ ነገር ነው። አጠፋለሁ፣ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፣ አበራለሁ። ይሠራል። ሻይ ይጋብዙኛል፣ እመለሳለሁ። በአንድ ወር ውስጥ ለአራተኛ ጊዜ ያንኑ ማብሪያ ስነካ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ዘበኛ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ልጄ፣ ይቺማ እኔንም አታቅተኝም» አሉኝ።

አፈርኩ። ከሩቅ መጠገን የሚባለውን ነገር የምር የያዝኩት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬ ያስቃል። ማዞሪያው ኮምፒውተር የሚሰካበት የጥገና ቀዳዳ አለው። እዚያ ላይ አሮጌ ሞደም (የኮምፒውተር መረጃ በስልክ መስመር የሚያስተላልፍ ዕቃ) ሰካሁና ሞደሙን ከአንዱ የውስጥ ስልክ መስመር ጋር አገናኘሁት። ከሐረር ስደውል ማዞሪያው ያነሳል፣ ወደ ሞደሙ ያሳልፈኛል፣ ገብቼ የፈለግኩትን አያለሁ። ሁለት ሳምንት ተኩራራሁ። ከዚያ ማዞሪያው ቆመ። ደወልኩ። ማን ያንሳው? አንሺው ራሱ በሽተኛው ነው!

ስለዚህ ሞደሙን ማዞሪያውን ጨርሶ ወደማይነካ ቀጥታ መስመር አዞርኩት። ኋላም በሲም ካርድ የሚሠራ ራውተር ተካው፤ የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው። የይለፍ ቃሉንም ያን ጊዜ ነው የቀየርኩት። ከፋብሪካ እንደመጣ ነበር፣ በኔ ስንፍና። ማዞሪያ ሰብረው በሰው ሒሳብ ውድ የውጭ አገር ጥሪ የሚያስተላልፉ ሌቦች አሉ፤ በዚያ ዓይነት ቁልፍ በሩን ለውጭ ከፍቼ መተኛቴ ዛሬም ይገርመኛል።

ቀጥሎ ማብራትና ማጥፋቱን ራሱ እንዲሠራው ፈለግኩ። ዋችዶግ የሚባል ነገር አለ። ማዞሪያው በየጥቂት ሰከንዱ «አለሁ» ይላል፤ ድምፁ ሲጠፋ ዋችዶጉ ኃይሉን ቆርጦ መልሶ ይሰጠዋል። ገጠምኩት። አንድ ሌሊት ማዞሪያው ቆመ፣ ተነሳ፣ ተነስቶ ሳያልቅ ቆመ፣ ተነሳ፤ እስኪነጋ እንዲሁ። ማዞሪያው እስኪነሳ 4 ደቂቃ ይፈጅበታል። እኔ ለዋችዶጉ የሰጠሁት ትዕግሥት 3 ደቂቃ ነበር።

የትልልቆቹም ታሪክ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1990 አሜሪካ ውስጥ አንድ የኒው ዮርክ ማዞሪያ ትንሽ ችግር ገጠመው፣ ራሱን አክሞ በሰከንዶች ውስጥ ተመለሰ። «ተመልሻለሁ» ብሎ ሲልክ ግን ጎረቤቶቹ ፕሮግራም ውስጥ የነበረ ስህተት እነሱን ጣላቸው። እነሱም ሲነሱ ሌሎቹን ጣሉ። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የስልክ ኩባንያ 114 ማዞሪያዎች ለ9 ሰዓት ያህል እርስ በርስ ሲጣጣሉ ዋሉ። የማገገሚያው መንገድ ራሱ በሽታ ሆነ። ይህን ካነበብኩ በኋላ የኔ ዋችዶግ በሰዓት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሞክር፣ ከዚያ አርፎ ቴክስት እንዲልክልኝ አደረግኩ።

እስካሁን ግን ማዞሪያው ለምን እንደሚቆም አልጠየቅኩም። ልብ በሉ። ማዞሪያው የሆነውን ሁሉ ይመዘግባል፤ የኔ ማሽን መዝገብ ግን ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። አራት ጊዜ ማስረጃውን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። መዝገቡ በራውተሩ በኩል በየደቂቃው ሐረር እንዲገባልኝ ሳደርግ ነገሩ ወዲያው ወጣ። የሚቆመው ሁልጊዜ መብራት በሄደ በሰከንዶች ውስጥ ነው።

ባትሪ! መብራት ሲሄድ ማዞሪያውን የሚይዘው እሱ ነው። ግን ባትሪውንማ በወረድኩ ቁጥር ለክቼዋለሁ፤ 54 ቮልት። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው ቻርጀር ላይ ሲሆኑ 54 ደህና ቁጥር ነው። ወረድኩ። የማዞሪያው ክፍል ከወጥ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ቴርሞሜትሩ 38 ይላል። በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ ለካሁ። 14.4። 14.3። 10.9። 14.4።

ድምሩን አስሉት። ቻርጀሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። ሦስተኛው ሞቷል፣ ሆዱም ተነፍቷል፤ የሱን ድርሻ ሌሎቹ እየተሸከሙ ከልክ በላይ ይሞላሉ። መብራት ሲሄድ ሦስተኛው ሁሉንም ይዞ ይወርዳል። ከሐረር ሆኜ ድምሩን ብቻ ባይ ኖሮ መቼም አላገኘውም ነበር። አሁን እያንዳንዱ ባትሪ የራሱ ሽቦ አለው፤ አራት ቁጥር ይደርሰኛል።

ሙቀቱን መዘንጋት ደግሞ የደጋ ሰው ስህተት ነው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ እኔ ሹራብ ለብሼ ስለ ድሬ ባትሪ አስባለሁ። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ለ5 ዓመት የተሠራው እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ ገምቱ። አራቱንም ቀየርን። የቻርጀሩን ቮልት በ0.7 ዝቅ አደረግኩ፣ ግድግዳው ላይም ቬንትሌተር አስገጠምን።

በነገራችን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሥራ የጀመረው በኮምፒውተር የሚመራ የስልክ ማዞሪያ የታለመለት በ40 ዓመት ውስጥ በድምሩ 2 ሰዓት ብቻ እንዲቆም ነበር። ለዚህም ሁለት አንጎል ነበረው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይቀጥላል። የኛ አንድ ነው። የ40 ዓመቱን ኮታ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨርሰነዋል።

አንድ ቀን ደግሞ የራውተሩን አድራሻ ከሐረር ስቀይር አንድ ቁጥር ተሳስቼ ራሴን ውጭ ቆለፍኩ። እንደገና አባዱላ፣ እንደገና ደንገጎ። አሁን ማንኛውንም ነገር ስቀይር በ10 ደቂቃ ውስጥ «ይጽና» ካላልኩ ራሱ ወደ ድሮው ይመለሳል።

ባለፈው ጠዋት ቴክስት ገባልኝ፤ የክፍሉ ሙቀት 39። ለጋሼ ደወልኩ። ሄደው አዩ። ከወጥ ቤት ሰዎች አንዱ ባዶ የለስላሳ ሳጥኖች ቬንትሌተሩ ፊት እስከ ጣሪያ ደርድሯል። ይህን የትኛው ሽቦ ይነግረኝ ነበር?

«አቦ ልጄ፣ ማሽንም ይታፈናል እንዴ?» አሉ፤ ሳጥኖቹ ሲንኳኩ በስልኩ ይሰማኛል። ፈጢራዬን በልቼ ሳልጨርስ 34 ገብቷል።