ከላይፕዚግ እስከ ባስታይ፦ የቅዳሜና እሁድ ጉዞ በተማሪ ኪስ

ጀርመን አገር ለሚማር ሰው የቅዳሜና እሁድ ጉዞ የሚወሰነው ብሎክድ አካውንቱ፣ ማለትም ለቪዛ ሲባል ገንዘብ ተቀምጦበት በየወሩ ብቻ የሚከፍለው የባንክ ሂሳብ፣ የወሩን ገንዘብ በሚለቅበት ዕለት ነው። ለተማሪ ቪዛ የሚጠየቀው መጠን ከ2024 እ.ኤ.አ. መጸው ጀምሮ በዓመት 11,904 ዩሮ ነው፤ በወር 992 ይደርሳል። ላይፕዚግ ላይ እንዲህ እደለድለዋለሁ፦ የተማሪ መኖሪያ 330፣ የጤና መድን 145 ገደማ፣ አስቤዛ 220፣ ለሴሚስተር ክፍያ በየወሩ የሚቀመጥ 50፣ ስልክ 15፣ የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ ደግሞ 18 ዩሮ ከ36 ሳንቲም። ይህ የመጨረሻው የሚከፈለው በቤት እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ በጋራ የሚኖሩ ይካፈሉታል። የሚተርፈው 213 ዩሮ ገደማ ነው። ጫማውም፣ ወፍራሙ ጃኬትም፣ መጽሐፉም ከዚያው ስለሚወጡ ለጉዞ የምለየው በወር 60 ነው። ከዚህ ውጪ ለክፉ ቀን የማይነካ 20 ዩሮ ለብቻው ይያዛል፤ ጉዞው ከሰመረ ሳይነካ ይመለሳል።

ገንዘቡ ከአገር ቤት የሚላክ ከሆነ ስሌቱ በብርም መሠራት አለበት። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሬውን የሚወስነው ገበያው በመሆኑ ባለፈው ሴሚስተር የተሠራ በጀት ለዘንድሮው አያገለግልም።

የጉዞው መሠረት ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለው፣ በመላ ጀርመን የሚያገለግለው ወርኃዊ ትኬት ነው። በግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ በ2025 58 ሆነ፣ በ2026 ደግሞ 63። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ለተማሪ በ60 በመቶ ዋጋ ከሴሚስተር ክፍያው ጋር አያይዘው ይሰጡታል፤ ስለዚህ ትኬት ከመግዛት በፊት የሴሚስተር ክፍያው ዝርዝር ይነበብ። ሁለት ጊዜ የሚከፍል ተማሪ አይጠፋም። ለብቻው የገዛ ሰው ማቋረጥ ከፈለገ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ማሳወቅ አለበት፤ በ11ኛው ቀን ያስታወሰ የሚቀጥለውንም ወር ይከፍላል።

ትኬቱ የሚሠራው በሁለተኛ ማዕረግ፣ በአካባቢ ባቡሮች፣ በትራምና በከተማ አውቶቡስ ነው። አይሲኢ፣ አይሲ፣ ኢሲና ፍሊክስትሬን የሚባሉትን የሩቅ መንገድ ባቡሮች አይጨምርም። ዲቢ ናቪጌተር በሚባለው የባቡር ድርጅቱ የስልክ መተግበሪያ ላይ ጉዞ ሲፈለግ በዶይችላንድ ቲኬት የሚሄዱትን ብቻ የሚያሳየውን ምርጫ ማብራት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ መተግበሪያው ፈጣኑን ባቡር ያስቀድማል፣ ሳያዩም ይገቡበታል። ያለ ትኬት የተገኘ ሰው ቢያንስ 60 ዩሮ ይቀጣል፤ የወሩ የጉዞ ገንዘብ ያኔውኑ አለቀ ማለት ነው። ትኬቱ በስልክ ስለሆነ ባትሪ ያለቀበትም እንደሌለው ይቆጠራል። ግን በስሙ የተመዘገበ ትኬት ስላለው በኋላ ወስዶ ሲያሳይ ቅጣቱ ወደ 7 ዩሮ ይወርዳል፤ ወረቀቱን ተቀብሎ መሄድ እንጂ እዚያው መከራከር አያዋጣም። ብርድ ባትሪ ስለሚጨርስ ስልኩ በውስጥ ኪስ ይሁን። ፓስፖርት ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ካርድም አብሮ ይያዝ፤ ትኬቱ ያለ መታወቂያ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ መንገዱ። ከላይፕዚግ ድሬስደን በየሰዓቱ የአካባቢ ባቡር አለ፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጥቂት በለጥ ይላል። ከድሬስደን ወደ ኤልበ ወንዝ ሸለቆ ኤስ1 የሚባለው ባቡር ይሄዳል፤ የባስታይ አለት ሥር ያለችው ኩርኦርት ራተን (ባጭሩ ራተን) ለመድረስ ሦስት ሩብ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሁለቱም ባቡሮች ድሬስደን ኖይሽታት ላይ ስለሚቆሙ እስከ ዋናው ጣቢያ መሄድ አያስፈልግም። ሩቁን ቅዳሜ፣ ቅርቡን እሁድ ማድረግ ይሻላል። ቅዳሜ በቀጥታ ራተን፣ ማታ ድሬስደን ማደር፣ እሁድ ከተማውን ማየት፤ ያኔ የመመለሻው ጉዞ አንድ ባቡር ብቻ ይሆናል። ቅያሬ በበዛ ቁጥር የሚያመልጥም ይበዛል። የመመለሻ ሰዓት የሚቆረጠው ደግሞ ከመጨረሻው ባቡር ቢያንስ ሁለት ባቡር ቀደም ብሎ ነው።

ከአበሻ ጓደኞች ጋር ሲቀጣጠሩ በማን ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ይነገር። በጣቢያው ሰሌዳ 07:00 የሚለው የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፤ «በሰባት እንገናኝ» ብሎ የላከ ሰው ግማሹን ቡድን እኩለ ቀን አልፎ ሊያገኘው ይችላል።

የቅዳሜና እሁድ ዋናው እንቅፋት የሐዲድ ጥገና ነው። ሥራው የሚሠራው ተጓዥ በሚቀንስበት ቀን ስለሆነ ባቡሩ ቀርቶ ምትክ አውቶቡስ ይመደባል፤ በጀርመንኛ ሺነንኤርዛትስፈርኬር ይሉታል። አውቶቡሱ የሚቆመው ከጣቢያው ውጪ ነው፤ ባቡሩ በሃያ ደቂቃ የሚሄደውንም መንገድ ሰዓት ሊያስኬደው ይችላል። ሐሙስ ያዩትን መርሐ ግብር አርብ ማታ እንደገና ማየት ግድ ነው።

ራተን ጣቢያ ወርደው ወንዙን የሚሻገሩት በጀልባ ነው። ይህች ጀልባ ሞተር የላትም። ወደ ላይኛው የወንዝ አቅጣጫ በረጅም ገመድ ታስራለች፤ ቀዛፊው አፏን ወደ ውሃው አጋደል ሲያደርግ ወራጁ ራሱ ወደ ማዶ ይገፋታል። ክፍያው ጥቂት ዩሮ ነው፤ ሳንቲም ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ወንዙ ሲሞላ ስለምትቆም ከባድ ዝናብ ከጣለ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ከማዶው ባስታይ ወደሚባለው ከፍ ያለ አለት የሚወስደው አቀበት ከግማሽ ሰዓት እስከ ሦስት ሩብ ሰዓት ይፈጃል። እዚያ ያለው የድንጋይ ድልድይ በ1851 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ አለቱ ከኤልበ ወንዝ 194 ሜትር ከፍ ይላል፤ በድልድዩ ላይ መሄድ በነፃ ነው። ቦርሳውን አዝለው ስለሚወጡ ክብደቱ ከ5 ኪሎ አይለፍ።

ከ60ው ዩሮ ግማሹን የሚበላው አልጋ ነው። ኖይሽታት አካባቢ ብዙ ሆስቴሎች አሉ፤ በጋራ ክፍል አንድ አልጋ 30 ዩሮ ብዬ እይዛለሁ፣ ለአንሶላና ለከተማው የማደሪያ ግብር 4 እጨምራለሁ። በማስታወቂያው ላይ የሚታየው ዋጋ ብዙ ጊዜ እነዚህን አይጨምርም። ወጥ ቤት እንዳለው፣ እንግዳ መቀበያው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይታይ፤ ለዕቃ መቆለፊያው ሳጥን የሚሆን ቁልፍ ከቤት ይያዝ። በገና ገበያ ሰሞን የአልጋ ዋጋ ስለሚሰቀል ያን ጊዜ ድሬስደን ደርሶ መልስ በአንድ ቀን መሄድ ይመረጣል። አራት አምስት ሆነው ሲሄዱ ወጥ ቤት ያለው አፓርታማ ከሆስቴል ይረክሳል። ገንዘቡን እንደ ዕቁብ አስቀድሞ አንድ ሰው ቢሰበስበው በመንገድ ላይ ሂሳብ ለመካፈል መጨቃጨቅ አይኖርም።

ምግብ 14 ዩሮ ይበቃዋል፦ 6 ለዳቦ፣ ለፍራፍሬና ለውሃ፣ 8 ለአንድ ትኩስ ምግብ። እሁድ ሱፐርማርኬት ዝግ ስለሆነ ቅዳሜ ማታ መግዛት የግድ ነው፤ የረሳ ሰው በጣቢያ ዋጋ ይበላል። ከቤት የመጣ በሶ ካለ ለዚህ መንገድ የሚተካከለው የለም፤ በጠርሙስ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው፣ ለጾመኛም ይሆናል። ባዶው የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም ስላለው አይጣል። ለጀልባ 3፣ ለመጸዳጃ 2 ሲጨመር ድምሩ 53 ይሆናል።

እሁድ ድሬስደን ላይ ያለ ክፍያ የሚታየው ብዙ ነው። ፊርስተንሱግ የሚባለው 102 ሜትር ርዝመት ያለው የሸክላ ግድግዳ ሥዕል መንገድ ዳር ነው። በ1945 እ.ኤ.አ. ፈርሶ በ2005 ዳግም የተመረቀው ፍራወንኪርሸ የተባለው ቤተ ክርስቲያን መግቢያ አያስከፍልም፤ እሁድ ግን ቅዳሴ ስላለ ለጎብኚ የሚከፈትበት ሰዓት ያንሳል።

በዚያው አቅጣጫ ወደ ፕራግ መቀጠል ያጓጓል፤ ከድሬስደን ሁለት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ወደዚያ የሚሄደው ኢሲ ባቡር ግን በዶይችላንድ ቲኬት ስለማይሠራ ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል። ቼክ የሚገበያየው በኮሩና ነው፤ ኤቲኤሙ «በዩሮ ልመንዝርልህ?» ሲል እምቢ ማለት ነው፣ ምንዛሬው ውድ ነው። የፕራግ ከተማ ትራንስፖርት የወረቀት ትኬት ደግሞ ማሽኑ ላይ ካልተመታ እንዳልተገዛ ይቆጠራል።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ሰነዱ ነው። የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ያስኬዳል፤ ካርዱ ያለ ፓስፖርት ግን አይበቃም። በመመለሻው ድንበር ላይ ፖሊስ አውቶቡስና ባቡር ያስቆማል። ፈቃዱ በእድሳት ላይ ሆኖ ፊክሲዮንስበሻይኒጉንግ የሚባለው ጊዜያዊ ማረጋገጫ ወረቀት የተሰጠው ሰው የትኛው ሳጥን ላይ ምልክት እንደተደረገ ይይ። የጀርመን የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 81 ንዑስ 3 ከሆነ ከወጣ በኋላ በእሱ መመለስ አይችልም፤ ጀርመን ውስጥ ይቆይ። ንዑስ 4 ከሆነ ከአሮጌው ካርድና ከፓስፖርቱ ጋር ይይዘዋል። እንግሊዝና አየርላንድ ሸንገን ስላልሆኑ የራሳቸውን ቪዛ ይጠይቃሉ።

ባቡሩ ከ60 ደቂቃ በላይ ከዘገየ በዶይችላንድ ቲኬት 1 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ካሳ አለ። የባቡር ድርጅቱ ከ4 ዩሮ በታች ስለማይከፍል ሦስት መዘግየት ተጠራቅሞ በአንድ ላይ ይጠየቃል፤ ጥያቄው ጉዞው ከተደረገ በ3 ወር ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ የዘገየው ባቡር ቁጥርና ሰዓት እዚያው ጣቢያው ላይ በስልክ ፎቶ ይነሳ።