ሉንዴ፦ ወታደር የተኮሰባት መንደር

ከስቶክሆልም በባቡር ወደ ሰሜን ወጣሁ። ሱንድስቫልን አልፈን ክራምፎርስ ላይ ወረድኩ። ሉንዴ ከዚያ ቅርብ ናት፣ ኦንገርማን ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ መንደር። ወንዙ ከመስፋቱ የተነሳ ባሕር ይመስላል። ድሮ ዳርና ዳሩን የእንጨት መሰንጠቂያና የወረቀት ጥሬ ዕቃ ፋብሪካዎች ነበሩበት።

እዚህ ድረስ ያመጣኝ የስዊድኑ ጠቅላይ ሚኒስትር የካርል ጉስታፍ ኤክማን መንግሥት ታሪክ ነው። ኤክማን የድሃ ልጅ ናቸው፤ በልጅነታቸው በሰው እርሻ ተቀጥረው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1930 ለሁለተኛ ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ 230 መቀመጫ ካለው የፓርላማው ሁለተኛ ምክር ቤት ሊበራል ፓርቲያቸው የነበረው 28 ብቻ ነው። ሊበራሎቹ በ1923 በአልኮል ክልከላ ጉዳይ ተጣልተው ለሁለት ተከፍለዋል። ታዲያ እንዴት ገዙ? አንዴ ከቀኞቹ፣ አንዴ ከሶሻል ዴሞክራቶቹ ጋር እየሆኑ ነዋ! በ1926 የሶሻል ዴሞክራቶቹ፣ በ1930 ደግሞ የቀኞቹ መንግሥት ሲወድቅ የእሳቸው እጅ ነበረበት።

ከፍሮኖ እስከ ሉንዴ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። ሜይ 14 ቀን 1931፣ የዕርገት ዕለት፣ ሺዎች በሙዚቃ ባንድ ታጅበው የሄዱበት መንገድ ነው። ሠራተኛው ሥራ አቁሟል። አሠሪዎቹ በምትኩ አድማ ሰባሪዎች አስመጥተዋል፤ እነሱን የሚጠብቅ ወታደርም መጥቷል። ሰልፉ ሉንዴ ሲደርስ ወታደሮቹ ተኮሱ። ከሙዚቀኞቹ አንዱ በጥሩምባው «ተኩስ አቁም» የሚለውን የወታደር ምልክት ነፋ። አምስት ሰው ሞተ። ኤይራ ሶደርበሪ ገና 20 ዓመቷ ነበር። ሰልፈኛ እንኳ አልነበረችም፤ ቆማ ስታይ ነው የተመታችው።

ቦታው ላይ ሆኜ ስለ እሷ ሳስብ ሆዴ ተላወሰ። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይብሳል። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ፣ ሥልጣኑም ላይ ቆየ። ወታደሮቹን ያዘዘው መኮንን በመጨረሻ ነፃ ወጣ። ከሰልፈኞቹ ወገን ግን ሰዎች ታሰሩ፤ አክሰል ኑርድስትሮም ሁለት ዓመት ተኩል ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደበት።

ኤክማንን የጣላቸው ሌላ ነገር ነው። የክብሪቱ ቱጃር ኢቫር ክሩገር በማርች 1932 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። ኤክማን ለፓርቲያቸው ከእሱ ገንዘብ መቀበላቸውን ካዱ። በኋላ የ50,000 ክሮና ቼክ ተገኘ። በኦገስት ሥልጣን ለቀቁ። አምስት ሰው ሞቶ ያልተነቃነቀ መንበር በአንድ ቼክ ወደቀ። ይህን መቀበል ያቅተኛል። መንግሥቱ የሚኖረው በሌሎች ፈቃድ ነበር፤ ያኔ «በቃ» ለማለት ፓርላማው አቅም አላነሰውም።

በመስከረም ምርጫ ተደረገና ሶሻል ዴሞክራቱ ፔር አልቢን ሃንሶን ሥልጣን ያዙ። የመንግሥት ፖሊስ በ1933 ተቋቋመ። ወታደርን ሰልፈኛ ላይ ማሰማራትም ቀረ። ሉንዴ ላይ ያለው ሐውልት ግን የቆመው በ1981 ነው፣ ልክ በ50 ዓመቱ። የሟቾቹ እናትና አባት በሕይወት ሳሉ መቆም ነበረበት።