አንዲት ነጭ መስመር

ያለፈው ቅዳሜ ማታ ከኮምቦልቻ ደሴ ስገባ እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ታመመብኝ» አለች። ሰላምታ እንኳ አላስጨረሰችኝም።

ገብቼ ከፈትኩት። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዜና አንባቢዋ ታወራለች። ሥዕል ግን የለም። በጨለማው ስክሪን መሀል ከግራ እስከ ቀኝ የተዘረጋች አንዲት ነጭ መስመር ብቻ። እንደ ክር ቀጭን ናት፣ ግን ዓይን ትወጋለች። ጠጋ ብዬ ሳያት መስመሯ ውስጥ ቀለም ይንቀሳቀሳል። ሥዕሉ በሙሉ እዚያች ውስጥ ተጨፍልቋል። ቶሎ አጠፋሁት። እንደዚያ እያበራ ከቆየ ስክሪኑን አንድ ቦታ ላይ ያቃጥለዋል።

ጀርባው ወፍራም የሆነው፣ የድሮው ባለ 21 ኢንች ነው። እናቴ በ1997 እቁብ ደርሷት ነው የገዛችው። ነሐሴ 2000 ቤጂንግ ላይ ቀነኒሳና ጥሩነሽ በ5 ሺህም በ10 ሺህም ወርቅ ሲወስዱ የሆጤ ጎረቤቶቻችን ሳሎናችን ውስጥ ነበሩ። መቀመጫ ያጣ ቆሞ፣ ልጆቹ መሬት ላይ። ቡና ተፈልቶ ማን እንደጠጣው አይታወቅም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ከተማዋን ለቀን ወጣን። ስንመለስ የቤታችን በር ተገንጥሎ ነበር። ፍሪጁ የለም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ የለም። ብርድ ልብስ እንኳ አልተረፈም። ቴሌቪዥኑ ግን ቡፌው ላይ እንደተቀመጠ ጠበቀን። ከ20 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ይሆናል የተዉት። እናቴ ሌላ ነገር ሳታነሳ በመጀመሪያ እሱን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ ከዚያ ዳንቴሉን ፈልጋ አለበሰችው። ስለዚህ «ጥለነው አዲስ እንግዛ» የሚለው ነገር ከአፌ በቀላሉ የሚወጣ አልነበረም።

ታላቅ እህቴ አዲስ አበባ ናት። ደወልኩላት። «ባለ 32 ኢንች ፍላት እንግዛላት፣ ግማሹን እኔ እችላለሁ» አለች። ከልቧ ነው። እዚሁ ደሴ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ 19,500 ብር አሉኝ። ለሁለት ሲካፈል ከባድ አይደለም። ደግሞ አዲሱ ሥዕሉ ያምራል፣ ለመሸከም ይቀላል። አሮጌው መብራት ይበላል የሚሉትም ውሸት አይደለም። ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። የኛው 80 ዋት ነው። በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 12 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። አዲሱ ግማሹን ቢወስድ ልዩነቱ በወር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ለዚህ ብቻ ተብሎ 19,500 ብር አይወጣም።

ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ደሴ ቀረሁ። ቴሌቪዥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። በኮብልስቶኑ ላይ በተንገጫገጭን ቁጥር እንደ ሕፃን አቅፌው ነው የሄድኩት።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ሠሪው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ቱቦው ሞቷል፣ ለዕቃ ከሆነ 500 ብር ልስጥህ» አለኝ። በጣም ተናደድኩ። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ሰው አይደለሁም። ግን ቱቦው፣ ማለትም ሥዕሉን የሚያሳየው ትልቁ መስታወት፣ ከሞተ ያ ዓይን የሚወጋ መስመር ከየት መጣ? ሰው የማያውቀውን ዕቃ ይዞ ሲመጣ የሚያምነው ሠሪውን ነው። ያንን እምነት በ500 ብር መግዛት ነውር ነው። አንስቼው ወጣሁ።

ሁለተኛው አራዳ ውስጥ ነው፤ ጠባብ ክፍል፣ እስከ ጣሪያው የተከመረ ቴሌቪዥን። ሽማግሌ ናቸው። «አስቀምጠው የኔ ጌታ» አሉኝ። ሰክተው መስመሯን ለአፍታ አዩና ወዲያው ነቀሉት። «ደስ ይበልህ። ቱቦው ደህና ነው» አሉ።

«በምን አወቁ ጋሼ?»

እንዲህ አስረዱኝ። ቱቦው ውስጥ ያለው ጨረር ስክሪኑን የሚጠርገው በሁለት አቅጣጫ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ከላይ ወደ ታች ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወርዳል። የሚያወርደው ክፍል ሲቆም ጨረሩ መሀል ላይ ይቀርና መስመር ይሆናል። መስመሯ መብራቷ በራሱ ቱቦውም፣ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያመነጨው ፍላይባክም እየሠሩ ነው ማለት ነው። ውዶቹ ዕቃዎች ደህና ናቸው።

ከዚያ ከፈቱት። ራሳችሁ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት አደራ። ቱቦው ላይ ከ20,000 ቮልት በላይ ይሠራል፣ ከሶኬት ተነቅሎም ኤሌክትሪኩን ይዞ ይቆያል። እሳቸው በመጀመሪያ ያንን አፍስሰው ነው እጃቸውን ያስገቡት። አቧራውን በብሩሽ ጠረጉ። ቦርዱን ገለበጡና ማጉያ መነጽሩን ሰጡኝ። «እዚህ ጋ ተመልከት።» ጨረሩን የሚያወርደው አይሲ (ባለ ብዙ እግር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ከቦርዱ ጋር የተበየደበት ቦታ፣ በአንደኛው እግር ዙሪያ፣ ከፀጉር የቀጠነች ክብ ስንጥቅ አየሁ። ብየዳው ብርማ ነው፣ ስንጥቋ ጥቁር። የ20 ዓመት ቴሌቪዥን ያቆመችው ያቺ ናት። አጠገቧ ሁለት ካፓሲተሮች፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች፣ አናታቸው አብጧል።

«ሙቀት ነው» አሉ። «ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲሆን ብየዳው ይሰነጠቃል።» ቀና ብለው አዩኝና «ላዩ ላይ ምን ታለብሱታላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

ዳንቴል አልኳቸው። ዳንቴሉ ከላይ ተነጥፎ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ሙቀት የሚወጣባቸውን ቀዳዳዎች ይሸፍናል።

ዋጋው ካፓሲተሮቹን ጨምሮ 850 ብር ሆነ። ከመክፈሌ በፊት ግን የሚያስጨንቀኝን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ የእርስዎ እናት ብትሆን ምን ያደርጉ ነበር?» መሣሪያቸውን አስቀመጡ። «ቱቦው ቢሆን ኖሮ አትድከም እልህ ነበር። አዲስ ቱቦ የለም፣ አሮጌ ካገኘህም መቼ እንደሚሞት አታውቅም። ፍላይባኩ ቢሆን አስብበት እልህ ነበር። ይሄ ግን ብየዳ ነው።»

ዕድሜውን አልጠየቁኝም። እኔና እህቴ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ዕድሜው ነበር ያወራነው። የተበላሸው ምኑ እንደሆነ መጠየቅ የነበረብን ያኔ ነው። ፍላትም ቢሆን ያው ነው። ድምፅ እያለ ስክሪኑ ከጨለመ፣ በጨለማ ክፍል በባትሪ ጠጋ ብላችሁ አብሩበት። ሥዕሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ብዙ ጊዜ የጠፋው የጀርባ መብራቱ ነው፤ እሱ ይጠገናል። ስክሪኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን የስክሪኑ ዋጋ ከአዲስ ቴሌቪዥን ብዙም አይርቅም።

ማታ እህቴ ጋ ደወልኩ። «ይሁን፣ ግን ያዋጣሁትን መልሼ አልወስድም» አለች። የሷን ገንዘብ ስታቢላይዘር ገዛንበት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚያደርገውን የደሴ ሰው ያውቀዋል።

ዳንቴሉን ለእናቴ መንገር ግን ከበደኝ። ራሷ የሠራችው ነው። ሠሪው ያሉትን አንድ በአንድ ነገርኳት። ዝም ብላ አዳመጠች።

አሁን የሁለት ሰዓት ዜና ሊጀምር ሲል ትነሳለች። ዳንቴሉን በሁለት እጇ ታነሳዋለች፣ ለአራት ታጥፈዋለች፣ ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ «በል ክፈተው» ትለኛለች። ስታጠፋው እጇን አናቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ሙቀቱ ሲወጣለት ታለብሰዋለች።